ማማው ላይ ማን አለ?

አምና አጎቴ ለጉልበታቸው ሕክምና ከቆቦ አዲስ አበባ በመጡ በሦስተኛው ቀን አንድ ሥዕል አሳየኋቸው። መሠረቱ ገና በመቆፈር ላይ የነበረ የመኖሪያ ሕንፃ ሥዕል ነው። ሠላሳ ፎቅ አለው። ወለሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ጥቂት እየዞሩ ስለሚወጡ፣ ሕንፃው ከሩቅ ሲታይ ነጠላውን የሚያጣፋ ሰው ይመስላል። ከአናቱ የመዋኛ ገንዳ፣ በየበረንዳው ደግሞ ዛፍ ተሥሎበታል። እኔም በአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለመግዛት ቀን ቆርጬ ነበር።

«አንቱ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

ያልነገርኳቸው ነገር ግን ነበር። ቅድመ ክፍያው የሚገኘው እሳቸው እየጠበቁልን የሚኖሩበት የአባቴ ቤት ሲሸጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሥዕሉን ወድጄዋለሁ። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት መስተዋት የለበሱ ሣጥኖችን ስትደረድር ኖራለች። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከዚያ ልማድ ወጣ ብሏል፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር መልኩ ይለዋወጣል። እሱ ግን መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲመሽ ሠራተኛው ወደየቤቱ ይበተናል። ድፍረቱ ወደ መኖሪያ ቤትም እየተሻገረ መጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ በለገሃር፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ 36 ሄክታር ላይ ለሚገነባው መንደር የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከተማ ወደ ላይ ቢያድግ አልቃወምም፤ መሬት እንደሆነ አይለጠጥም። ውበትም ለባንክ ብቻ የተፈቀደ መሆን የለበትም።

አጎቴ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ማማ ነው» አሉ በመጨረሻ።

የራያን ቆላ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ፌዝ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አገር ማሽላው እሸት ሲይዝ የግሪሳ መንጋ እንደ ደመና ይወርድበታል። ስለዚህ በማሳው መካከል አራት ረጃጅም እንጨቶች ይተከላሉ፤ በላያቸው ርብራብ ይነጠፋል፤ ከርብራቡም በላይ የአገዳ ጥላ ይሠራል። ግድግዳ የለውም። ከዞብል ተራራ በኩል የሚነሣው ነፋስ እንደ ልቡ ያልፍበታል። በኒውዮርክ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው 426 ሜትር ርዝመት ባለው 432 ፓርክ አቬኑ በተባለው የባለጸጎች መኖሪያ፣ በየ12ቱ ወለል መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ መተዉን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን የሳቅሁት ለዚህ ነበር። የማማችንን ብልሃት እዚያ አገኘሁት።

በልጅነቴ ማማ ላይ ውዬ አውቃለሁ። ወንጭፍ ይዤ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ። ወፉ ሲመጣ እጮኻለሁ፤ የጎረቤት ማማ ጩኸቴን ይቀበላል፤ ከዚያም ወዲያ ያለው እንዲሁ። ከእኛ ማሳ የተነሣው መንጋ የሌላውን እህል እንዳይበላ ድምፁ ከማማ ወደ ማማ ይሻገራል። ከፍታ ለእኛ የሥራ ቦታ ነበር፤ ላይ የወጣው ለታች ላሉት ነው የወጣው።

«ማማ ነው፤ ደግሞም ያምራል» አሉ አጎቴ። «ግን ልጄ፣ እዚያ ላይ የሚወጣው ሰው ምን ሊጠብቅ ነው?»

«አይጠብቅም፤ ይኖርበታል።»

«ታዲያ አንድ ነገር ያየ እንደሆን ለማን ይጮኻል?»

መልስ አጣሁ። የአባቴ ቤት ታወሰኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፤ ማንም መሐንዲስ ሥዕሉን ለገበያ አያወጣውም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ በተቃረበ ጊዜ ከአላማጣ በኩል የሸሹ ዘመዶቻችን ያረፉት በዚያ ግቢ ነው። ሌሊት ደረሱ፤ በሩን አንኳኩ፤ አጎቴም ከፈቱ። አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ብሆን ኖሮ፣ ማንኳኳታቸውን መስማቴን እጠራጠራለሁ።

«ቤቱን ልትሸጡት ነው፤ አይደል?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳያነሡ።

ዝም አልኩ።

«የአባታችሁ ነው፤ ሽጡት። እኔ ማደሪያ አላጣም።»

ቁጣም ቅሬታም አልነበረበትም። እንዲያውም ሥዕሉን በጥንቃቄ አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱት። «ለአገር ሰው ላሳየው» አሉ።

ከሄዱ በኋላ የክፍያው ቀን ደረሰ፤ አለፈ። ጀግንነት አልነበረም፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ እንጂ። ዛሬም ሕንፃው አጠገብ ሳልፍ ቀና እላለሁ። ሰባተኛው ወለል ላይ ደርሷል፤ መዞሩም መታየት ጀምሯል። በእርግጥ ያምራል። ከዚያ በላይ ያሉትን አሥራ ሁለት ወለሎች በዓይኔ በባዶው ሰማይ ላይ እየቆጠርኩ፣ ቤቴ ሊሆን የነበረውን ቦታ እፈልጋለሁ።

ሥዕሉ ግን ቆቦ ነው። አጎቴ በአባቴ ቤት፣ ከበሩ ትይዩ፣ በተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል አሉ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ ዛፎቹን ያደንቃሉ፤ ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።