ከመምህሬ ጎማ ያወጣሁት ንፋስ

አሶሳ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ከጎሚስታ ጋር ሳይተዋወቅ አይከርምም። በጋ እሾህ፣ ክረምት ቀዩ ጭቃ የደበቀው ሚስማር ይጠብቀዋል። መምህሬም ልጆቻቸው በላኩላቸው ባለ 20 ኢንች ታጣፊ ሳይክል ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ጎማቸው እየተነፈሰ ይቸገሩ ነበር። ተማሪ ክፍል ውስጥ እየጠበቃቸው እሳቸው ከመነዳሪ ሲያስለጥፉ መቆየታቸው በጣም ያሳፍራቸዋል። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸውና የእሳቸው ማፈር እኔን አንገበገበኝ። የተነሳሁት ከዚህ ነው፤ ይህ ግን ጥፋቴን አያቀልልኝም።

አዲስ አበባ በሄድኩበት የማይበሳ ድፍን ጎማ ገዛሁላቸው። ከመነዳሪ የለው፣ መንፊያ አይፈልግ። ቸርኬው ውስጥ ማስገባቱ ራሱ ትግል ነበር፤ እንደ ተራ ጎማ ስለማይለጠጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ሁለት ጎረምሶች አስይዤ ነው ያስገባሁት። ሲያልቅ ሰው በተሰበሰበበት «ከእንግዲህ ጎሚስታ ቤት አይረግጡም» አልኳቸው። አሮጌዎቹን ጎማዎችና መንፊያውን ለሰፈር ልጆች አደልኩ። አላስፈቀድኳቸውም።

ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ነጂውን የሚሸከም መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም። የተነፋ ጎማ ድንጋይ ሲያገኘው በዚያችው ቦታ ይሰረጉድና ድንጋዩን አልፎ መልሶ ይሞላል። ድፍኑ ግን ምቱን ለቸርኬው፣ ቸርኬው ለሽቦዎቹ፣ ሽቦዎቹ ለሳይክሉ አካል፣ እሱም በመሪው በኩል ለሰው እጅ ያቀብላል። ጎማው ትንሽ ሲሆን ይብሳል፤ ትልቅ ጎማ ተሻግሮ የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ባለ 20 ኢንቹ ይገባል። የታጣፊ ሳይክል ወገብ ላይ ያለው ማጠፊያም በንዝረት ብዛት ይላላል። ነገሩ ድሮ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ በንፋስ የሚሞላ ጎማ የሠራው ለልጁ ባለሦስት እግር ሳይክል ነበር፤ ድፍን ጎማ በሸካራ መንገድ ላይ ያንገጫግጫልና። አንድ አባት ለልጁ ያስቀረውን መንገጫገጭ እኔ ለአባቴ ታላቅ ለሆኑ ሰው ገዝቼ አመጣሁ።

አስፋልቱ ላይ ብዙም አያስከፋም ነበር። የመምህሬ መንገድ ግን ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ክረምት የቦረቦረው ጥርጊያ። አንድም ቀን አላማረሩም። ስጦታ ነዋ፣ ይሉኝታ ያዛቸው! «ጎማው እንዴት ነው?» ስላቸው «ተባረክ ልጄ፣ ጠንካራ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ምርቃቱን ተቀብዬ እሄዳለሁ። የእጃቸው አንጓ እያመማቸው ጠመኔ መያዝ ሲከብዳቸው በዕድሜ ተሳበበ። የኋላው ቸርኬ ሽቦዎች ተራ በተራ ሲበጠሱ ሽቦው ጥራት የለውም ብዬ አስቀየርኩ። በመጨረሻ «እግር ማፍታታት ለጤና ይበጃል» ብለው ሳይክሉን ተዉት።

ሽቦውን ሲቀይር የነበረው ጠጋኝ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጎማ ነው የሚነዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድፍኑን በቢላዋ ቆርጠን አወጣነው። ባለ 20 ኢንች ጎማ ለልጆች ሳይክል ስለሚሆን ገበያ ላይ አልጠፋም፤ ወፍራሙን መርጠን፣ እሾህ እንዳያልፍ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ዝርግ ላስቲክ ውስጡን አልብሰን ገጠምነው። ቀድሞውኑ ማድረግ የነበረብኝ ይህንኑ ነበር። አልፎ አልፎ መበሳቱ አይቀርም፤ ግን የተበሳ ጎማ ይለጠፋል። የመምህሬ አንጓ እስካሁን በቅጡ አልዳነም፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተማሪ ነው የሚጽፍላቸው።

ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንተ ክፉ አላሰብክም» አሉኝ። ያልነገርኳቸው ግን አለ። ድፍኑን ጎማ በገጠምኩ ሰሞን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ ኮብልስቶኑ ላይ ወርደው፣ አንድ እጃቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው በሌላው ሳይክሉን ይገፉ ነበር። የማይተነፍስ ጎማ ለምን እንደሚገፋ መጠየቅ ነበረብኝ። መልሱን ስለፈራሁ ፊቴን አዞርኩና ባጃጁ አለፋቸው። ያኔ ወርጄ ቢሆን ኖሮ እጃቸው ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍ ሳይደርሳቸው ቤታቸው ሄጄ በራሴ አንደበት እነግራቸዋለሁ።