ስለ ብስክሌት መንኰራኵር፤ መጠገን ወይስ መለወጥ

ዕቃ ሲሰበር ሰው በሁለት አሳብ ይያዛል። አንደኛው አሳብ፤ የለመዱት ዕቃ ታማኝ ነውና ይጠገን ይላል። ሁለተኛውም፤ ያረጀውን እየደገፉ ከመኖር አዲስ መግዛት ይሻላል ይላል። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አላቸው፤ ጭንቁ ጊዜያቸውን ለይቶ ማወቅ ነው። በእብናት አንድ አባት በልጁ ብስክሌት ምክንያት ይህን ነገር እንዴት እንደ መረመረው መናገር ለአንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም።

እብናት በሊቦ ከምከም፥ በበለሳና በፋርጣ መካከል ያለ አገር ነው፤ ዳገቱም ድንጋዩም ብዙ ነው። በባሕር ዳር ከተማ መሬቱ ሜዳ ስለ ሆነ ብስክሌት ለብዙ ሰው እንደ እግሩ ነው፤ በእብናት ግን ባለ ብስክሌት ሲወጣ እየገፋ፥ ሲወርድ ፍሬኑን እየያዘ ይሄዳል። ይህ አባት ያገለገለ ብስክሌት ከባሕር ዳር ገዝቶ ለልጁ የሰጠው ከገጠር ወደ ከተማ እየተመላለሰ እንዲማርበት ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከኋላው መንኰራኵር አንድ ራጂ ተሰበረ፤ ተተካም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁለተኛው፥ ቀጥሎም ሦስተኛው ተሰበረ። አራተኛው በተሰበረ ጊዜ አባትየው ብስክሌቱን ራሱ እየገፋ ወደ ጠጋኙ ሄደ።

«ዛሬም መጣሁብህ ልጄ፤ እንደ ለመድኸው አንዲቱን ራጂ ተካልኝና ልሂድ» አለው።

ጠጋኙም ብስክሌቱን ገልብጦ መንኰራኵሩን እያሽከረከረ ከተመለከተ በኋላ፤ «አባቴ፥ አንዲቱን መተካት ለእኔ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሚመጣው ሳምንት ይመለሳሉ። ለመሆኑ ልጁ የሚወርደው በየትኛው መንገድ ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባትየው ተደነቀ፤ ስለ ዕቃው ሊነጋገር መጥቶ ስለ መንገዱ ተጠይቋልና።

ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር። መንኰራኵር ከሚሄድበት መንገድ ተለይቶ አይመዘንም። ለዚህም የዚያው አገር ታሪክ ምስክር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ሠራተኞች ያሠሩትን፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፥ መድፉ በሠረገላ ተጭኖ በብዙ ሕዝብ ጕልበት ይጐተት ነበር። ጕዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ለማለፍ አስቀድሞ መንገድ መጥረግ ግድ ስለ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። ያ መድፍ ዛሬም በመቅደላ አለ። ከዚያ ያደረሰው መንኰራኵሩ ብቻ አይደለም፤ የተጠረገው መንገድ ጭምር ነው። መንገዱ ያልተጠረገለት ባለ ብስክሌትማ ተስፋው ሁሉ በመንኰራኵሩ ጽናት ላይ ነው።

የብስክሌት መንኰራኵር ጽናቱ ከጋሪ መንኰራኵር ጽናት የተለየ ነው። በጋሪው ወፍራሞቹ የእንጨት ዘንጎች ሸክሙን ከበታች ሆነው እንደ ምሰሶ ይሸከሙታል። በብስክሌቱ ግን ቀጫጭኖቹ ራጂዎች፥ ብዙ ጊዜ 36 ሆነው፥ እምብርቱን ከቸርኬው ጋር በየወገኑ ወጥረው ይይዙታል። ኀይላቸው ከውፍረት ሳይሆን ከውጥረት ነው። የበገና 10 አውታሮች አንዱ ቢላላ ዜማው እንደሚበላሽ፥ ከራጂዎቹም አንዱ ሲሰበር ቸርኬው ወደ ሌላው ወገን ይጐብጣል፤ የርሱም ድርሻ ለጎረቤቶቹ ይተርፋል። መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር እያንዳንዱ ራጂ ወደ ታች ሲደርስ ላላ፥ ወደ ላይ ሲመለስ ጠበቅ ይላል። የትልቁ ብስክሌት ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 450 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሽቦ ደጋግመው ቢያጥፉት እንደሚበጠስ፥ ራጂም በዚህ ድካም ብዛት፥ ይልቁንም ከእምብርቱ አጠገብ በሚታጠፍበት ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ ራጂ ድንጋይ መትቶት ቢሰበር እርሱኑ መተካት ይበቃል፤ ድንጋይ ሳይነካቸው ተከታትለው ሲሰበሩ ግን የቀሩትም እንደ ደከሙ ምልክት ነው።

ጠጋኙ ራጂዎቹን በጣቱ እየነካ ድምፃቸውን አሰማው፤ አንዱ ይጮኻል፥ ሌላው ይደነቍራል። ከዚያም የአባትየውን ጣት ይዞ በቸርኬው ጠርዝ ላይ አሳለፈው። የፍሬኑ ላስቲክ እየፋቀ ጠርዙን አጐድጕዶት ነበር። «ቸርኬ ትንሽ ቢጣመም ራጂውን በመፍቻ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅሁና እያላላሁ አቀናዋለሁ። የሳሳውን ግን የሚያወፍር እጅ የለኝም። ጎማው በነፋስ ሲሞላ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ልጁም ቍልቍለት ሲወርድ ቢፈነዳ…» ብሎ ዝም አለ።

አባትየው ያንን ቍልቍለት ያውቀዋል፤ በግራው ገደል ነው። ሙሉ መንኰራኵር ለመግዛት ግን ለበዓል ያስቀመጣትን በግ መሸጥ ሊኖርበት ነው። ቤተ ሰቡን አሰበ፤ እስከ ዛሬ ለጥገና የከፈለውንም አሰበ፤ ሦስት ጊዜ የቈጠበ መስሎት ሦስት ጊዜ ከፍሏል።

«እንግዲያስ ሁሉን ጥዬ አዲስ ልግዛን?» አለው።

«የለም አባቴ። እምብርቱ ደኅና ነው» አለና የመሐሉን ዘንግ በሁለት ጣቱ አዙሮ አሳየው፤ ሳይንገጫገጭ ዞረ። «ጠጠሮቹ ታጥበው ግራሶ ቢቀቡ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል። የሚለወጡት ቸርኬውና ራጂዎቹ ናቸው።»

አባትየው በዚህ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ነገሩ ከቤቱ የሚያውቀው ሆኖ አገኘው። «ይህስ የማረሻና የሞፈር ነገር ነው። ማረሻ ሲደንዝ ይሳላል፤ ደግሞ ይሳላል፤ ተበልቶ ሲያልቅ ግን ይለወጣል። ማረሻ አለቀ ብሎ ሞፈሩን የሚያነድ ገበሬ የለም፤ ሞፈሩ ደኅና ነው ብሎ በአለቀ ማረሻ የሚያርስም የለም» አለ።

የእጅ ዋጋ ውድ በሆነበት በአውሮፓ አገር አንድ ሠራተኛ 36 ራጂ እየወጠረ ከሚውል የተሠራ መንኰራኵር መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ስለዚህ መጣል ይቀናቸዋል። በእኛ አገር ግን ከእጅ ይልቅ ዕቃው ውድ ነውና ደኅናውን ክፍል ማዳን ይገባል። ሆኖም ማዳን የሚገባ መሆኑ መጣል የሚገባውን ለማቈየት ምክንያት አይሆንም። የሰውን ሕይወት የሚሸከም ክፍል ሲያልቅ፥ ዋጋው ከዕቃው ጋር ሳይሆን ከተሸካሚው ጋር ይመዘናል።

በዚህ ምክር እምብርቱ ቀረ፤ ቸርኬውና ራጂዎቹ ተለወጡ። ዋጋው ከሙሉው አነሰ፤ ነገር ግን በጊቱን ከመሸጥ አላዳናትም። አባትየው ሊሄድ ሲነሣ ጠጋኙ፤ «አባቴ፥ በሚመጣው ሳምንት ይመለሱ» አለው።

«ዛሬም መመለስ አለን?» አለ አባትየው ደንግጦ።

«አዲስ የተወጠረ ራጂ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይላላል፤ አንድ ጊዜ ማጠበቅ ይገባል። ዋጋ አልጠይቅዎትም።»

ሰኞ ማለዳ ልጁ ደብተሩን ይዞ ቍልቍለቱን ወረደ። አባትየው ከዳገቱ ራስ ቆሞ፥ ልጁ ከታች ከሜዳው ደርሶ እስኪታየው ድረስ ጠበቀና ወደ እርሻው ሄደ። በሳምንቱም ብስክሌቱን ራሱ እየገፋ ወደ ጠጋኙ ተመለሰ።