ለጉንፋን የተገዛው ሽሮፕ እና የልጅ አስም

ሕፃን ጉንፋን ሲይዘው ብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው፤ ከሰፈር ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ይገዛል። ልጁ በሳምንቱ ይሻለዋል፣ ምስጋናውም ለሽሮፑ ይሆናል። ጉንፋን ግን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ልጁ የዳነው በራሱ ጊዜ ነው።

ታዲያ ሽሮፑ ምን ሠራ? ያገኘው የአንጀት ባክቴሪያን ነው። እነዚህ ሁሉ ጠላት አይደሉም። በሆድ ያልተፈጨውን ምግብ አብላልተው የሚያወጧቸው ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ገብተው የሰውነትን መከላከያ ያረጋጋሉ። ብዙው የልጅነት አስም ደግሞ የመከላከያ መደንበር ነው፤ ተራ አቧራን እንደ ጠላት ቆጥሮ የአየር ቧንቧን ያሳብጣል፣ ያጠባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን ሰገራ መርምሮ፣ ለአስም ይበልጥ በተጋለጡት ላይ አራት የባክቴሪያ ዓይነቶች አንሰው አገኘ። ዓመት ሲሞላቸው ልዩነቱ ደብዝዞ ነበር። ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይመስላሉ ማለት ነው። በዚያው አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ከ2000 እስከ 2014 ለጨቅላዎች የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በየዓመቱ የሚገኘው አዲስ አስምም በ26 በመቶ ወረደ። ይህ ብቻውን አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ቸል የሚባል ግን አይደለም።

ሳንባም ባዶ ቤት አይደለም። ጤነኛ ሳንባ ባክቴሪያ የለበትም ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን በጤነኞችም የአየር ቧንቧ ባክቴሪያ እንዳለ፣ አስም ባለባቸው ደግሞ እንደ ሄሞፊለስ ያሉ ጎጂዎች እንደሚበዙ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ አንቲባዮቲክ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ትንፋሹ የሚፈጥን፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፣ የታዘዘለትንም ይጨርስ። አስም ያለበትም ሰው «ባክቴሪያዬን በእርጎ አስተካክላለሁ» ብሎ ኢንሄለሩን እንዳይተው። እርጎ አስም አያድንም።

ለተራ ጉንፋን «አይሆንም» የሚል ባለፋርማሲ ገበያ ሊያጣ ይችላል። እናትም ባዶ እጇን ስትመለስ ልጇን የናቁባት ሊመስላት ይችላል። ሆኖም «ጡት አጥቢው፣ አፍንጫውን አጽጂለት፣ ትንፋሹን ተከታተዪ» ብሎ የሸኛት ባለሙያ፣ ሽሮፕ ከሸጠላት ይልቅ ልጇን ጠቅሞላታል።