በሽሎ የወሰደው፣ ጳጉሜን ያመጣችው

የጥንት ግብፅ ስም በተነሣ ቁጥር የሁላችንም ሐሳብ ወደ ፒራሚዱ ይሮጣል። ያ ሁሉ ድንጋይ እንዴት ተነሣ? ሬሳው እንዴት ሳይፈርስ ቆየ? ወርቁስ የት ገባ? ጥያቄዎቹ መልካም ናቸው። እኔን ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የያዘኝ ነገር ሌላ ነው፤ ጭቃው! ፒራሚዱን የገነባው ሰው እህል የቀመሰው ከዓባይ ጭቃ ነው፤ የዚያ ጭቃ አብዛኛው ደግሞ ከእኛ ተራሮች ተጠርጎ የሄደ ነው።

የደሴ ልጅ ነኝ፤ የሥራ ቦታዬ ኮምቦልቻ ነው። በዶሮ መዝለያ በኩል ቁልቁል ስወርድና ሽቅብ ስመለስ የመንገድ ጓደኛዬ ቦርከና ነው። ቦርከና ግን ከዓባይ ጋር ዝምድና የለውም። ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ታዲያ የደሴ ሰው ከግብፅ ጋር ምን አገናኘው?

የሚያገናኘው ኩታበር ነው። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኩታበር አካባቢ ያለው ከፍታ ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ ጎን የወረደው ቦርከና ይሆናል። በሌላው ጎን የወረደው ደግሞ በሽሎን ይፈጥራል፤ ያው በመቅደላ ታሪክ ከአፄ ቴዎድሮስ ስም ጋር የምናውቀው በሽሎ ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ግብፅ ይዘልቃል። እርሻቸው በዚያው ጀርባ ላይ የሆነ አጎት አሉኝ። ግብፅን እንደ ጥንቱ ሰው ‹‹ምስር›› ብለው ነው የሚጠሯት። አንድ ክረምት ከማሳቸው ጫፍ ቆመን ጎርፉን ስናይ፣ ‹‹አየህ ልጄ፣ በወዲህ የወረደው ለእናንተ ነው፤ በወዲያ የወረደው ለምስር ነው፤ እኔ መካከል ላይ ቆሜ አድላለሁ›› አሉኝ። እየሳቁ ነበር። ጎርፉ ግን ቡና መስሎ ነበር የሚወርደው።

ያ ቡና የመሰለ ውኃ ከበረሃው ሲደርስ ምን ይሠራ እንደነበር እንመልከት። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን ‹‹ከሜት›› ይሏት ነበር፤ ጥቁሯ ምድር ማለት ነው። ጥቁር ያሰኛት በየዓመቱ ጎርፉ አልብሷት የሚሄደው ደለል ነው። ከደለሉ ውጭ ያለውን በረሃ ‹‹ቀይ ምድር›› ይሉት ነበር። ኽኑም የሚባለው የበግ ራስ ያለው አምላካቸው ሸክላ ሠሪ ነው፤ በእምነታቸው ሰውን ሁሉ ከጭቃ በመንኮራኩሩ ላይ እያሾረ የሚያበጅ እርሱ ነው። ጎርፉን የሚለቀውም ይኸው አምላክ ነው ይሉ ነበር። የጎርፉ መንፈስ ሐፒ ደግሞ አስዋን አጠገብ፣ ከድንጋዮቹ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ እንደሚኖር ያምኑ ነበር። ዋሻው በእውነት የኢትዮጵያ ክረምት ነበር። ኽኑም ሰውን ያበጀበት ጭቃም፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ የወሎ አፈር ሳይሆን አይቀርም።

ከጭቃው በላይ የቤተ መንግሥቱ ሒሳብ ነበር። ኤሌፋንታይን ደሴት ላይ የወንዙን ከፍታ የሚለኩበት ደረጃ ሠርተው ነበር። ውኃው ስንት ክንድ እንደወጣ ታይቶ መከሩ ይገመታል፤ በዚያም ግብሩ ይወሰናል። እንግዲህ ጸሐፊው ብዕሩን የሚያነሣው ከሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ያበቃ ዝናብ አይቶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሌላው ነገር ልለፍ። ግብፃውያን ዓመቱን በ3 ወቅት ከፈሉት፤ ጎርፍ፣ ዘር፣ መከር። እያንዳንዱ ወቅት 4 ወር፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነው። ይህ 360 ቀን ይሆናል። የቀሩትን 5 ቀኖች ከዓመቱ መጨረሻ ላይ ጨመሯቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ‹‹ይህማ የእኛው ነው›› ማለቱ አይቀርም። አዎን፣ የእኛው ነው! ጳጉሜን የሚለው ስም ራሱ ‹‹የተጨመሩ›› ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ያ አሮጌ አቆጣጠር ሩብ ቀን ስለሚጎድለው ከወቅቱ ጋር ሲንሸራተት ኖሯል። ክርስቶስ ከመወለዱ 238 ዓመት አስቀድሞ፣ በሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን፣ ካህናት ካኖፐስ ላይ ተሰብስበው በየ4 ዓመቱ 6ኛ ቀን እንዲጨመር ወሰኑ፤ ውሳኔው ግን ሳይሠራበት ቀረ። የጸናው ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አዲሱ ዓመት ዓባይ በግብፅ ሞልቶ በሚተኛበት ሰሞን ላይ ረጋ። አቆጣጠሩን የእስክንድርያ ክርስቲያኖች ወረሱት፤ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ሲልክ በተከፈተው የቤተ ክርስቲያን መንገድም ወደ እኛ ዘለቀ። ዛሬም የእነርሱ ቶት 1 እና የእኛ መስከረም 1 አንድ ቀን ነው።

ጥንታውያኑ እነዚያን 5 ቀኖች ይፈሯቸው ነበር። የአማልክቶቻቸው የኦሳይረስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የአይሲስና የነፍጢስ ልደት ናቸው እያሉ፣ ክፉ እንዳያገኛቸው በአንገታቸው ላይ ክታብ ያስሩ ነበር። እኛ ዘንድ ፍርሃቱ ወደ በረከት ተለውጧል። የጳጉሜን 3ቱ የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይሮጡበታል። አጎቴ ጾማቸውንና ዒዳቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ እርሻቸውን ግን እንደ ክርስቲያን ጎረቤታቸው በመስከረምና በጳጉሜን ነው። በሽሎ አፈር ወሰደ፣ ዘመኑ ደግሞ ተቆጥሮ ተመለሰ። ልውውጡ ይህ ነው።

ልውውጡ ግን ሁልጊዜ የደስታ አልነበረም። ሳቃራ በሚገኘው በንጉሥ ኡናስ የመንገድ ግድግዳ ላይ ከ4,300 ዓመት በፊት የተቀረጹ ሰዎች አሉ፤ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ጉልበታቸው የከዳቸው። ከበረሃው ዘላኖች ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። የቅርጹን ፎቶግራፍ መጀመሪያ ሳይ ያሰብኩት ግብፅን አይደለም፤ የ1966ቱን ወሎ ነው፤ በ1977 ባቲ ላይ ከመጠለያው ደጅ የወደቀውን ሕዝብ ነው። አስዋን አጠገብ ሰሄል በምትባል ደሴት ላይ ደግሞ በንጉሥ ጆሰር ዘመን ዓባይ 7 ዓመት ጎድሎ አገር እንደተራበ የሚተርክ ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉ የተቀረጸው ከንጉሡ ብዙ ዘመን በኋላ በበጥሊሞሶች ጊዜ ነው። የእኛ ሰማይ ሲዘጋ የእነርሱም ወንዝ ይጎድላል። በ1977ም ሆነ፤ ያን ጊዜ ግን ግብፅን በአስዋን ግድብ ኋላ የተጠራቀመው ውኃ አቆያት። ያም እየጎደለ ሄዶ በ1980 ክረምት መግቢያ ላይ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ወሎ ግን ኋላዋ የተጠራቀመ ነገር አልነበራትም።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ጥቁሩ ደለል የግብፅን ማሳ አያለብስም፤ ከሐይቁ ሥር ተኝቶ ይቀራል። በእኛም በኩል ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን ዜና ለአጎቴ ያወራሁላቸው እኔ ነኝ። ደስ አላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹ውኃውስ እሺ፣ አፈሬንም ይመልሱልኛል?›› አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከእኔ መጻሕፍት ሁሉ ይበልጥብኛል። አፈሩ ጉባ ላይ ቀረ ማለት አገር ቤት ቀረ ማለት ነው፤ ኩታበር ቀረ ማለት ግን አይደለም። ከግድብ ሐይቅ ሥር የገባ አፈር ለማንም ጤፍ አያበቅልም። ከድርቁ ዘመናት ወዲህ የወሎ ገበሬ በእህል ለሥራ ተጠርቶ የገነባው እርከን በየተራራው ይታያል፤ የጸናው ጸንቷል፣ የፈረሰውም ፈርሷል። አጎቴ የእርሳቸውን ድርድር በየበጋው ይጠግኑታል። ፈርዖኖች የሚሞሉትን ጎርፍ ክንድ በክንድ ለክተው አገር አስተዳደሩ። እኛ ደግሞ ልንለካው የሚገባን የበሽሎን ቀለም ይመስለኛል፤ በጳጉሜን ወንዙ ጠርቶ የወረደበት ዓመት፣ የኩታበር ገበሬ ማሳውን ያተረፈበት ዓመት ነውና።