ከሳንጃ ቆላ ወደ ስሜን ደጋ

እኛ ቆለኞች በዕረፍት ጊዜ የምንመኘው መናፈሻ ሳይሆን ብርድ ነው። ሳንጃ በሐምሌ ጭቃው፣ ወበቁና ትንኙ ተደራርቦ እንቅልፍ ይነሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩ ወይ የክረምት ትምህርቱን ሊከታተል ጎንደር ይወጣል፣ ወይ ሰሊጥ ማሳ ላይ ይውላል። እኛ ግን በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን፣ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ስሜን ተራሮች ወጣን። ጎረቤቶቻችን «በክረምት ደጋ?» ብለው ሳቁብን። እርግጥ ጎብኚ የሚበዛው ከመስከረም ወዲያ ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ የመምህር ዕረፍት ግን ያን ጊዜ ያበቃል።

ከጎንደር ተነስተን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንገባ ልጆቹ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደርበዋል። የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተመድቦልን፣ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሳንካበር አቀናን።

ታላቁ ልጃችን በቴሌቪዥን እንዳየው ሰው በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበት ቦታ የት እንደሆነ ጠየቀን። በአገራችን እንዲህ ያለ መዝናኛ የለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም ስፖርቱን የተማረው አሜሪካ ነው። ሆኖም በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የገለበጠው ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሜንን ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት አገር አድርጎ ይገልጸዋል። ለእኛ የደረሰን ጠጠሩ በረዶ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ወርዶ ሜዳውን ነጭ አደረገው፤ ልጆቹም ጣታቸው እስኪደነዝዝ ተጫወቱበት።

ሱብሒ ላይ ጨዋታው አበቃ። የጀሪካኑ ውኃ አጥንት ይሰብራል። በኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ መሆኑን በመድረሳ ሸምድደን፣ ለልጆቻችንም አስሸምድደን ነበር። ግን ውኃው ከጀሪካን ሞቅ ብሎ በሚቀዳበት በሳንጃ ይህን ማን ልብ ይለዋል? (በጥጥ ካልሲ ላይ ስለማበስ ዑለማዎች የሚለያዩበትን እዚህ አንገባበትም።) ትንሿ ልጃችን እያለቀሰች ዉዱእ ስታደርግ፣ በዚህ ብርድ በቀን አምስት ጊዜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዉዱእ ያደረጉ ሰዎች ትዝ አሉን።

እነዚያ የግጭ ሰዎች ናቸው። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነበረች፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ገብስ አራሽና ከብት አርቢ ሙስሊም ነበር። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እርሻና ግጦሽ እየገፋው፣ ዋልያም እየተመናመነ ሲሄድ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። በ2016 ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

በማግስቱ በእግርና በበቅሎ ግጭ ደረስን። ጉም ውስጥ ጅብራው ቆሟል፤ ጓሳው ረዝሟል፤ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። ተራራው ማረፍ ነበረበት፤ ማረፉንም በዓይናችን አይተናል። ሆኖም ለጎብኚ ስለ ዋልያው ብዙ ሲነገር፣ ስፍራውን ለቀው ስለወረዱት ሰዎች እምብዛም አለመነገሩ አላስደሰተንም።

ጁሙዓን ደባርቅ ሰገድን። ከመስጊዱ በር ላይ አንድ የግጭ አዛውንት ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ግጭን አይተን መመለሳችንን ሲሰሙ ወደ ልጆቹ ጎንበስ አሉ።

«ማሳው ይታያል?»

«ሣር ነው አባባ፣ ዝንጀሮ ይበላዋል» አለ ታላቁ።

አዛውንቱ ሳቁ። «ያኔም ይበላን ነበር፤ እናባርረው ነበር እንጂ።» ቀጥለውም፣ ልጆቹ በሦስት ሹራብ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ ሳለ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉና ደባርቅ እንደሚሞቃቸው፣ ሌሊትም እንቅልፍ እንደሚነሳቸው አጫወቱን።