ስለ አንኮበርና በዚያ ስላለች አንዲት ትንሽ የእንግዳ ቤት

ሰው የዕረፍት ቀን ባገኘ ጊዜ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ደጋ አገር ቢወጣ፣ ለሥጋው ጤናን ለአእምሮውም ትምህርትን ያገኛል። ስለዚህ ከጥምቀት በዓል በኋላ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋራ በአንኮበር ሦስት ሌሊት አድረን ያየነውን ለአንባብያን ልገልጽ ወደድሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አንኮበር ይደረሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በገደል አፋፍ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ማለዳ ጉሙ ሲገለጥ የአፋር ቈላ እስከ ዓይን መድረሻ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። በገደሉ ጫፍም ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲግጥ ይውላል።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እስከ 1840 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ተቀምጠውባታል። ከሥሯ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያም ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴ ከደገኛው ጋራ ይገበያይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ወዲህ ግን ክብሩም ገበያውም ወደዚያ ዞረ፤ ከቀድሞው ግቢም የቀረው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ነው።

ያደርንባት ቤት ስድስት ክፍል ብቻ ያላት፣ ከድንጋይና ከጥድ እንጨት የተሠራች ናት። አልጋው የመንዝ ባና ለብሷል፤ ማታ በምድጃው እሳት ይነዳል። ቍርሱ የገብስ ገንፎና ማር ነው። ውኃው ከምንጭ በአህያ ስለሚመጣ በባልዲ ተሞቆ ይሰጣል፤ ከመታጠቢያ የተረፈው ደግሞ በጓሮው ለተተከለው ጎመን ይፈስሳል። ልጆቼ ይህን አይተው ውኃ በከንቱ ማፍሰስ ምን እንደ ሆነ ያለ ተግሣጽ ተማሩ።

ማታ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ፣ «ፓስታ የላችሁምን?» ብሎ ጠየቀ። የቤቱ እመቤት በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ፓስታው በመኪና መጥቶ ገንዘቡ በዚያው መኪና ይመለሳል፤ ገብሱ ግን ከጎረቤቴ ማሳ ነው» አሉት። እርሱም ሥቆ ገንፎውን ተቀበለ።

ባለቤቴ፣ «እማማ፣ ይህን ቤት ለመክፈት ምን አሳሰበዎት?» ብትላቸው፣ «ታላቂቱ ልጄ በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ድምጿን እንጂ ፊቷን አላየሁም። ታናሺቱ እንዳትከተላት ብዬ ነው» ሲሉ መለሱላት። ታናሺቱ የእንግዶችን መዝገብ የምትይዘው ናት፤ ጽሕፈቷም የተስተካከለ፣ ሒሳቧም የጠራ ነው።

አባቶቻችን የእግዜርን እንግዳ እግሩን አጥበው በነጻ ያሳድሩ ነበርና፣ ማደሪያን በገንዘብ መስጠት ነውር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እንግዳው በመኪና የሚመጣና ኪሱ ያልጐደለ ሲሆን፣ በድኻ ቤት በነጻ ማደሩ የባሰ ነውር ነው። ክፍያው አንዲት ልጅ በአገሯ እንጀራዋን እንድታገኝ የሚያደርግ ከሆነ ከምጽዋት ይበልጣል፤ ምጽዋት የዕለትን ችግር ያቃልላል፣ ሥራ ግን ሰውን ከወገኑ ጋራ ያኖራል። ትልቅ ሆቴል ከሩቅ በመጣ ዕቃና በሩቅ አገር ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ትንሽዋ ቤት ግን ያለ ጎረቤቶቿ ገብስ፣ ማርና ባና አትቆምም።

እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳልና ለልጆቹ ወፍራም ልብስ ይያዝላቸው። ሲደርስም ከከተማ የለመደውን ሳይሆን የአገሩን ምግብ ይጠይቅ፤ በዋጋውም አይከራከር።