አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ጫካ አይደለም

ስለ ደን ሲወራ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ ስንት ሄክታር? ስንት ችግኝ? እኔ የሸቤ ልጅ ነኝ። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ የምታቋርጡት የበለጠ ጫካ ደጃችን ነው። እዚያ አድጌ የተረዳሁት፣ ጫካ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ብዙ ነገር ሊያጣ እንደሚችል ነው።

ባለሙያዎች ብዝኃ ሕይወትን በሦስት ደረጃ ያዩታል፦ ሥነ ምህዳር፣ ዝርያ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የዘረመል ልዩነት። ቃሉ ቢከብድም ነገሩ ጓሯችን ነው። ጫካው፣ ረግረጉና ማሳው የየራሳቸው ሥነ ምህዳር ናቸው። ቀራሮው፣ ሰሳው፣ ዋንዛው፣ ጉሬዛውና ንቡ ዝርያዎች ናቸው። ጎን ለጎን ከበቀሉ ሁለት የጫካ ቡናዎች አንዱ በበሽታ ሲመታ ሌላው የሚተርፍበት ምክንያት ደግሞ ሦስተኛው ደረጃ ነው።

ይህ ሦስተኛው በዓይን አይታይም፤ ሲጠፋም ድምፅ የለውም። ዋጋውን ግን አገሪቱ አንድ ጊዜ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ መፍትሔው የተገኘው ከራሳችን ቡና ነው። የጅማ (መልኮ) ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን እየዞሩ መረጡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው፤ 74 የሚለው የተሰበሰቡበት ዓመት ነው፣ 1974።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከዱር ልዩነት የተገኘው ምርጥ ዘር፣ ያንኑ ልዩነት እየተካ ነው። ገበሬው ሥር ሥሩን ይመነጥራል፣ ጥቂት የጥላ ዛፍ ያስቀራል፣ የተመረጠ ችግኝ ይተክላል። ከላይ ለሚያይ ሳተላይት ያው አረንጓዴ ነው።

አባቴን ስለዚህ ሳነሳበት መልሱ አጭር ነው፦ "የጫካው ቡና ለልጅ ደብተር አይገዛም።" እውነቱን ነው፤ ገበሬው አይወቀስም። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ1930ዎቹ የወጣው የጌሻ ቡና በ2004 ፓናማ ውስጥ በጨረታ ዋጋ ሰብሮ ዓለምን አስደነቀ። እናት ጫካውን ለጠበቀው ሰው ምን ደረሰው?

"ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የቡና ዘር ማቆያ አለን" የሚለኝ ይኖራል። አለን፣ ደግሞም ያስፈልጋል። ነገር ግን ማቆያ የሚይዘው ትናንት የተሰበሰበውን ነው። ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ከበሽታውና ከአየሩ ጋር እየታገለ ነገ የሚያስፈልገንን ዘር ይወልዳል።

መንገዱም አዲስ አይደለም። በለጠ ጌራ ላይ በጃይካ ድጋፍ ገበሬዎች ዋቡብ በተባሉ ማኅበራት ደኑን እንዲጠብቁ፣ የጫካ ቡናቸውም በሬይንፎረስት አሊያንስ ተመስክሮለት በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ ተሞክሯል። ጫካው ገንዘብ ካመጣ ጠባቂ አያጣም። ከውጭ ድጋፍ የማይጠብቅ፣ በየዓመቱ የሚከፈል ዋጋ ግን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት የችግኝ ቁጥር ሲነገረን ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ ስንት ዓይነት ነው? ነባሩን ጫካ ለጠበቀው ገበሬስ ዘንድሮ ምን ተከፈለው?